«ሰውየው የት አለ?» ለሚሉን

አማርኛችን ሸማኔ በቀሚስ ጠርዝ ላይ የሚጥለውን ኅብረ ቀለም «ጥበብ» ብሎ ይጠራዋል። ሠዓሊ ዕድሜውን የሚሰጥለትን፣ ንጉሥ ሰሎሞን ከፈጣሪው የለመነውንም እንዲሁ «ጥበብ» ይለዋል። ቋንቋው ሁለቱን በአንድ ስም የጠራው ቃል ቸግሮት አይመስለኝም። እኛ ግን ስሙን ይዘን ነገሩን ጥለነዋል፤ ጥበብ ማለት ለእኛ በዓል ሲመጣ ከሻንጣ የሚወጣ፣ በዓል ሲያልፍ ወደ ሻንጣ የሚመለስ ጠርዝ ሆኖ ቀርቷል።

ይህን የምጽፈው በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ በፌርፋክስ ጎዳና፣ ከኦሎምፒክ ቡሌቫርድ በስተ ደቡብ ባለችው፣ የከተማው ምክር ቤት በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየማት አጭር መንገድ ላይ ለምንኖር፣ ለምንነግድና ለምንመላለስ ወገኖች ነው። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።) እዚህ መንገድ ላይ ጥለት የሌለበት ቦታ የለም። በምግብ ቤቶቹ የዋጋ ዝርዝር ዳርና ዳር ይወርዳል፤ በመሶቡ ወገብ ይዞራል፤ በሱቅ መስኮት ከተሰቀለው ቀሚስ ደረት እስከ እግሩ ይዘልቃል። ቆሞ የሚያየው ሰው ግን አላየሁም። ከዚያው ከፌርፋክስ ሳንወጣ ወደ ሰሜን አንድ ማይል ያህል ብንራመድ፣ ዊልሸር ቡሌቫርድ ላይ፣ የሎስ አንጀለስ ካውንቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየምና በ2021 የተከፈተው የአካዳሚው የሲኒማ ሙዚየም ጎን ለጎን ቆመዋል። የመጀመሪያው ሙዚየም በ2023 ዓይነተኛ ዐውደ ርእይ ከፍቶ ነበር፤ ከ1952 እስከ 1982 ኮምፒዩተር ወደ ሥነ ጥበብ የገባበትን ዘመን የሚያሳይ። ከእኛ ሰፈር እዚያ ድረስ በእግር ይኬዳል። የሚሄደው ግን ጥቂት ነው።

ለምን ብዬ ስጠይቅ የማገኘው መልስ የታወቀ ነው። «መኪና የሠራው ሥዕል ሥዕል አይባልም» ይሉኛል። «ሰው የለበት፣ ታሪክ የለበት፣ ምን ሊነግረን ነው?» ይሉኛል። ጠንከር ያሉት ደግሞ፣ አገር እየነደደች በነጥብና በመስመር መጫወት የጠገበ ፈረንጅ ሥራ ነው ብለው ይገሥጹኛል። እኔ ይህን መልስ ለሥነ ጥበብ ከመቆርቆር የመጣ ነው ብዬ አልቀበለውም። ከሁለት ቦታ የወረስነው ነው፤ አንዱ የእጅ ሙያተኛን መናቅ ነው፤ ሁለተኛው፣ ሸሽተን ወጣን የምንለው የካድሬ ሚዛን ነው። ሁለቱንም በየሻንጣችን ይዘናቸው መጥተናል።

ከመናቅ በፊት ማወቅ ይገባልና በመጀመሪያ የሚናቀው ነገር ምን እንደሆነ እንይ።

ይህች ከተማ ለዓለም የምትታወቀው በሆሊውድ ነው። በሆሊውድ ጓሮ ግን ሌላ ሲኒማ አድጓል፤ ተዋናይ የሌለው፣ ቅርጽና ብርሃን ብቻ እንደ ዜማ የሚንቀሳቀስበት። ለዚህ ሲኒማ መሠረት ከጣሉት ዋነኛው ስደተኛ ነበር። ኦስካር ፊሺንገር ይባላል፤ ጀርመናዊ ነው። ክቦችና አራት ማዕዘኖች ከሙዚቃ ጋር እንዲተነፍሱ የሚያደርግ ባለሙያ ነበር። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ረቂቅ ጥበብን «የተበላሸ» ብለው ፈረጁት፤ ጀግናውን የማያሳይ፣ ሕዝቡን የማያሰልፍ ሥዕል አልተመቻቸውም። ፊሺንገር በ1936 ወደ ሆሊውድ ተሻገረ። እዚህም ቢሆን አልጋ በአልጋ አልሆነለትም። የዲዝኒ ስቱዲዮ በ1940 ለወጣው «ፋንታዚያ» ፊልም ቀጠረው፤ ለባክ ሙዚቃ የነደፈውን ረቂቅ ሥራ ግን ተመልካች ወደሚያውቀው ነገር እያስጠጉ ለዋወጡበት፤ ጥሎ ወጣ። «ሰውየው የት አለ?» የሚለው ጥያቄ በበርሊን በካድሬ አፍ፣ በሆሊውድ በነጋዴ አፍ ተጠየቀ። ያው አንድ ጥያቄ ነው።

ከእርሱ ቀጥለው የተነሡት ዊትኒ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ ታላቁ ጆን (1917–1995)፣ ታናሹ ጄምስ (1921–1982)፤ የዚሁ የሎስ አንጀለስ አካባቢ ልጆች። በ1940ዎቹ መጀመሪያ አምስት አጫጭር ረቂቅ ፊልሞችን ሠሩ። ድምፁን እንኳ ከሙዚቃ መሣሪያ አልተዋሱም፤ የፔንዱለሞችን ውዝዋዜ በቀጥታ በፊልሙ የድምፅ መስመር ላይ ጻፉት። ጆን በጦርነቱ ዘመን በሎክሂድ የአውሮፕላን ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ሰላም ከሆነ በኋላ፣ የጦር ሠራዊቱ ትርፍ ዕቃ ተብሎ ከወጣው መካከል ኤም-5 የሚባለውን የፀረ አውሮፕላን መድፍ ማነጣጠሪያ ገዛ። ይህ መሣሪያ በዛሬ ቋንቋ አናሎግ ኮምፒዩተር ነው፤ የሚበረውን አውሮፕላን ፍጥነትና አቅጣጫ ተቀብሎ ጥይቱ የት ላይ ሊያገኘው እንደሚችል በሞተርና በጥርሳም መዘውር ያሰላል። ጆን ዊትኒ አውሮፕላኑን ከስሌቱ አወጣና በቦታው ንድፍ፣ መብራትና ካሜራ አስገባ። ለመግደል የተሠራው ስሌት አበባ ማውጣት ጀመረ። በዚህ መሣሪያ ያገኛቸውን ቅርጾች በ1961 «ካታሎግ» በሚል ፊልም ሰብስቧቸዋል። (የእኛ አገር ሜዳም የተቃጠለ ታንክ አላጣም። ከዚያ ብረት ውስጥ አበባ ያወጣ ካለ እሰየው፤ እኔ እስካሁን ያየሁት ፎቶግራፍ የሚነሣበትን ብቻ ነው።)

በ1966 አይቢኤም ለጆን ዊትኒ ድጋፍ ሰጠውና ከኩባንያው ሊቅ ከጃክ ሲትሮን ጋር በዲጂታል ኮምፒዩተር መሥራት ጀመረ። «ፐርሙቴሽንስ» የተባለው ፊልም በ1968 ወጣ። የሥራው ምስጢር ለማንም የሚገባ ነውና ላስረዳ። መቶ ነጥቦች ከአንድ ማዕከል እየራቁ በአንድ መስመር ተሰልፈው ቆመዋል እንበል፤ እያንዳንዱ በየራሱ ክብ ላይ ሊዞር ነው። የመጀመሪያው ነጥብ አንድ ጊዜ ሲዞር ሁለተኛው ሁለት ጊዜ፣ ሦስተኛው ሦስት ጊዜ፣ መቶኛው መቶ ጊዜ ይዞራል። ሕጉ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም። ሲነሡ ወዲያው ይበተናሉ፤ ዐይን ሥርዐት አጥቶ ይዋልላል። የመጀመሪያው ነጥብ የዙሩ ሲሶ ላይ ሲደርስ ግን፣ ማንም ሳይጠራቸው መቶዎቹ ነጥቦች በሦስት ክንድ ተሰልፈው ይገኛሉ። እንደገና ይበተናሉ። ግማሹ ላይ ሲደርስ ሁለት ክንድ ይሆናሉ፤ ተጋማሽ ቁጥሮች በመነሻው በኩል፣ ጎዶሎዎቹ በትይዩው። ሩብ ላይ አራት ክንድ፣ አምስተኛው እጅ ላይ አምስት። ዙሩ ሲያልቅ ሁሉም ወደ ተነሡበት መስመር ይመለሳሉ። ተመልካቹ የሚያየው መበተንንና መሰብሰብን ነው፤ ልቡም ሳያውቀው መሰብሰቡን መጠበቅ ይጀምራል። ጆን ዊትኒ በ1980 ባሳተመው «ዲጂታል ሃርመኒ» በተባለው መጽሐፉ የተከራከረው ለዚህ ነው፤ በዜማ ጆሮን የሚያስጨንቀውና የሚያሳርፈው የቁጥሮች ዝምድና ከሆነ፣ ዐይንንም በዚያው ዝምድና ማስጨነቅና ማሳረፍ ይቻላል ይላል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነውን? በአንድ ዙር ውስጥ ሁለትም ሦስትም የሚያስቆጥር የሠርግ ቤት ከበሮ ሰምቶ ያጨበጨበ ሰው ይህን ሕግ በመዳፉ ያውቀዋል። በማኅሌት ቆሞ መቋሚያ ያነሣና ያወረደ ሰው፣ መላው ሰልፍ ተከፍሎ ሲሄድና ተመልሶ ሲገናኝ ያየ ሰው፣ በዐይኑ ያውቀዋል። የማያውቀው አእምሮው ብቻ ነው፤ አእምሮው «ሰውየው የት አለ?» በማለት ተይዟልና።

ታናሽዬው ጄምስ በሌላ መንገድ ሄደ። «ያንትራ» የተባለውን በ1957 የተጠናቀቀውን ፊልሙን ያለ ኮምፒዩተር፣ ወረቀት በመርፌ እየበሳ፣ ነጥብ በነጥብ፣ ብዙ ዓመታት ፈጅቶ ሠራው። በ1966 «ላፒስ» የተባለውን በወንድሙ መሣሪያ ጨረሰ። ዐሥር ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። እጅግ ብዙ ደቃቅ ነጥቦች በአንድ ማዕከል ዙሪያ ይከማቻሉ፣ ይከፈታሉ፣ እንደገና ይዘጋሉ፤ የራቪ ሻንካር ሲታር አብሯቸው ይሄዳል። ጄምስ የፈለገው ተመልካቹ ስለ አንድ ነገር እንዲያውቅ አልነበረም፤ በሥዕሉ ፊት ተቀምጦ እንዲረጋ ነበር። ከዚያ በኋላ ይህ ሰው ፊልሙን ለዓመታት ትቶ ምን እንደሠራ ታውቃላችሁ? ሸክላ ሠሪ ሆነ። በእኛ አገር ቢሆን ከሠፈር ያስወጡት ነበር።

«ላፒስን» ያየ ሐበሻ ወዲያው ሊያስታውሰው የሚገባው ነገር አለ፤ ጠልሰም። ደብተራው ብራናውን በሕመምተኛው ቁመት ልክ ይሰፋዋል፤ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው። በጸሎቶቹ መካከል ዐይኖችን፣ ስምንት ጫፍ ያለውን ኮከብ፣ እርስ በርሱ የሚጠላለፈውን መረብ በጥቁርና በቀይ ቀለም ያወርዳል። ይህ ሥዕል የማንንም መልክ አያሳይም፤ ታሪክ አይተርክም። ሥራ ይሠራል። ያ ክፉ መንፈስ ያየዋል፣ ያፍራል፣ ይሸሻል ተብሎ ይታመናል። በሥዕሉና በተመልካቹ መካከል ያለው ጉዳይ «ይህ ምንድን ነው?» ሳይሆን «ይህ ምን ያደርገኛል?» ነው። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዣክ መርሲዬ ዕድሜውን ያጠፋበት፣ በ1997 በኒው ዮርክ ታላቅ ዐውደ ርእይ የቀረበበት ነገር ይህ ነው። እኛ ግን ጠልሰሙን የሠራውን ሰው «ጠንቋይ» ብለን ጠርተን፣ ብራናውን ለቱሪስት ሸጥነው። ጄምስ ዊትኒ ጠልሰም አይቶ ቀዳ አላልኩም፤ እንዲህ ያለ ተረት አልፈጥርም። ሁለቱ ሰዎች ለአንድ ዓይነት ሥራ ተቀመጡ ነው የምለው፤ አንደኛው ሙዚየም ገባ፣ ሌላው ስድብ ጠጣ።

ሌላም አለ፤ ይህኛው ይበልጥ ያንገበግበኛል። ጆን ዊትኒ በ1975 «አራቤስክ» የተባለውን ፊልሙን ሲሠራ ሙዚቃውን የተጫወተለት ኢራናዊው የሳንቱር ሊቅ ማኑቸኸር ሳዴጊ ነው። የዚያን ፊልም ፕሮግራም የጻፈው ወጣት ላሪ ኩባ ነበር፤ በ1977 በወጣው «ስታር ዋርስ» ፊልም ውስጥ ለአብራሪዎቹ የሚታየውን የኮምፒዩተር ሥዕል የሠራው እርሱ ነው። ገንዘቡን ሳይሆን ጥበቡን ተከትሎ በ1978 «3/78» የተባለውን ፊልም አወጣ። ዐሥራ ስድስት ቅርጾች፣ እያንዳንዳቸው በመቶ የብርሃን ነጥብ የተሠሩ፣ በጃፓን የቀርከሃ ዋሽንት ይንቀሳቀሳሉ። በቀጣዩ ዓመት «ቱ ስፔስ» በተባለው ሥራው የእስላም ቤተ መቅደሶችን የወለልና የግድግዳ ጥለት የመሰሉ ንድፎችን በጃቫ ደሴት የጋሜላን ሙዚቃ አስኬደ። እንግዲህ ቁጠሩ፤ ሕንድ፣ ፋርስ፣ ጃፓን፣ ጃቫ። እነዚህ የካሊፎርኒያ ሰዎች ለረቂቅ ሥዕላቸው ጓደኛ ሲፈልጉ የምሥራቁን ዓለም ዞሩት። የምሥራቁን ድምፅ እንደ ዕጣን ጭስ ለማሞቂያ ብቻ የተጠቀሙበትም ጊዜ አለ፤ ሁሉንም አላሞግስም። ነገር ግን በገና የለም። ክራር የለም። የያሬድ ዜማ የለም። ያን ጊዜ እዚህ የነበርነው ጥቂት ነበርን፤ እሺ። ዛሬስ? በዚህ ከተማ በገና የሚደረድሩ፣ ፕሮግራም የሚጽፉ፣ አኒሜሽን የተማሩ የእኛው ልጆች አሉ። አንድ ክፍል ውስጥ ያስቀመጣቸው ግን የለም።

የሚያስቀምጥማ ቢፈልግ ምን እንደሚገጥመው ልናገር። ስሙን የማልጠራው አንድ ማኅበር ለበዓል ምሽት የልጆችን ሥራ ሲመርጥ ከአዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ከፌርፋክስ ምግብ ቤቶች በአንዱ ወጥ ቤት የምትሠራ እናት ያሳደገቻት ልጅ፣ የሦስት ደቂቃ ፊልም ይዛ ቀረበች። የአያቷን ቀሚስ ጥለት ክር በክር ቆጥራ፣ ቁጥሩን ወደ ፕሮግራም አግብታ፣ ጥለቱ ከጠርዙ ተነሥቶ ስክሪኑን ሞልቶ እንዲፈስ አድርጋዋለች። አብሮት የሚሄደው ከበሮ ብቻ ነው። ከመራጮቹ አንዱ፣ ደግ አባት ናቸው፣ በለሰለሰ ድምፅ «የኔ ልጅ፣ ጎበዝ፤ ግን ሰውየው የት አለ?» አሏት። ልጅቱ አቀርቅራ፣ «ጋሼ፣ የደረቡት ኩታ ጥለት ላይስ ማን አለ?» አለች። ሁሉም ሳቀ፤ እርሳቸውም ሳቁ። ፊልሙ ግን አልታየም። በቦታው የፋሲል ግንብና የላሊበላ ፎቶግራፎች፣ በዚያ ዓመት የተለቀቀ ዘፈን ታክሎባቸው፣ ተራ በተራ አለፉ። ልጅቱ ዛሬ ለአንድ የጨዋታ ኩባንያ የዘንዶ ክንፍ ታንቀሳቅሳለች ይባላል። ክፍያው ጥሩ ነው አሉ።

ያች ሳቅ ታሪክ አላት። ሸማኔን «ቁጢት በጣሽ» ብሎ፣ አንጥረኛን በቡዳነት ጠርጥሮ፣ ብራና የሚጽፈውን አስማተኛ አድርጎ የኖረ ማኅበረሰብ ነን። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 አንጥረኛውን፣ ሸማኔውንና ጸሐፊውን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገር ግድ ሆኖባቸዋል። ዐዋጁ ስድቡን ከአፍ አወረደው እንጂ ከልብ አላወጣውም። ዛሬም ልብሱን ለብሰን እንኮራለን፤ ልብሱን የሠራው አእምሮ ግን አእምሮ አይመስለንም። የጋሞ ሸማኔ በሽሮ ሜዳ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ፣ በእግሩ ድሩን እየከፈተ፣ ስንት ክር አንሥቶ ስንት ክር እንደሚዘል በጣቱ እየቆጠረ፣ በወረቀት ያልተነደፈውን ጥለት ሲያወጣ የሚሠራው ስሌት ነው። የፈረንሳዩ ዣካር በ1804 የተበሱ ካርዶች የሐር ድርን ክር እንዲመርጡ ያደረገበት የሽመና መሣሪያ፣ እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ ለስሌት መሣሪያው ካርዱን የተዋሰበት ነው። ኮምፒዩተር ከቅድመ አያቶቹ መካከል ሸማኔ አለበት ማለት ነው። ታዲያ በኮምፒዩተር የተሠራ ጥለት ሲቀርብልን «የመኪና ሥራ» ብለን የምንስቀው፣ ያው ሸማኔው ላይ የሳቅነውን ሳቅ ነው።

በዚህ ቦታ የሚያጨበጭቡልኝ ሌሎች ሰዎች አሉ፤ እነርሱንም ባላስቀይማቸው ጽሑፉ ጎደሎ ይሆናል። «አየህ፣ ኮምፒዩተርም የእኛ ነው፤ ላሊበላ በሒሳብ ተሠርቷል፤ ፈረንጅ የሰረቀን ነው» ይላሉ። አሜሪካዊው ሮን ኤግላሽ በ1999 ባሳተመው «አፍሪካን ፍራክታልስ» በተባለው መጽሐፉ፣ የኢትዮጵያ መስቀሎች ቅርጻቸውን በየጫፋቸው እያሳነሱ እንዴት እንደሚደግሙ አሳይቷል። መልካም ጥናት ነው። እኛ ግን ጥናቱን ሳናነብ መፈክር አደረግነው። መስቀል አንጣሪው በእሳት ፊት ተቀምጦ ያሰበውን አሰበ፤ ክብሩ የእርሱ ነው። እርሱ ስላሰበ እኛ አስበናል ማለት አይደለም። «ፐርሙቴሽንስን» የሠራው ጆን ዊትኒ ነው፤ እኛ አይደለንም። የአባትን ጋሻ ግድግዳ ላይ መስቀል ዘመቻ ወጣሁ አያሰኝም። እንዲያውም የሚንቁትና የሚፎክሩት አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ጥለቱን አያዩትም።

አሁን ወደ ከባዱ ክርክር ልግባ። አገር በመከራ ላይ ሳለች ጥበብ መልእክት ይኑረው፣ ይጩህ፣ ይመስክር የሚሉትን አከብራቸዋለሁ፤ ከመካከላቸው ለቃላቸው የታሰሩ አሉ። ነገር ግን ይህን ሚዛን ከየት እንዳመጣነው እንጠይቅ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ተመልሶ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ረቂቅ ሥዕሎቹን በአዲስ አበባ ሲያሳይ «ኢትዮጵያዊ አይደለም» የሚል ወቀሳ ደረሰበት። ቆይቶ ደርግ መጣ፤ ሠዓሊው ሁሉ መዶሻና ማጭድ፣ የተነሣ ክንድ፣ የሚያበራ ሠርቶ አደር እንዲሥል ተፈለገ። ገብረ ክርስቶስ ተሰደደ፤ በ1981 በኦክላሆማ ግዛት ሞተ። ዛሬ በየስብሰባችን «ሀገሬ» የተባለውን ግጥሙን እያነበብን እንባችንን እንጠርጋለን። ሥዕሎቹንስ? ግጥሙ አገር የሚል ቃል ስላለው ወደድነው፤ ሥዕሉ ስለሌለው ረሳነው። እስክንድር ቦጎሲያንም በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ትውልድ አስተምሮ በ2003 ዋሽንግተን ውስጥ ሲያርፍ፣ ከጠልሰምና ከብራና ሐረግ ያወጣው ዓለም በሙዚየሞች ተሰቅሎ ነበር፤ በእኛ ሳሎኖች ግን የተሰቀለው የቡና ሥነ ሥርዐት ነው። «የተነሣው ክንድ የት አለ?» ይል የነበረውን ካድሬ ሸሽተን መጥተን፣ እዚህ በማኅበር ወንበር ላይ ተቀምጠን «ሰውየው የት አለ?» እንላለን።

መመስከር የሚፈልግ ይመስክር። ለተሰደደ ሰው ግን ከምስክርነት ሌላ የሚያስፈልገው ነገር አለ። የተበተነ ነገር በሕግ ሊሰበሰብ እንደሚችል በዐይኑ ማየት ያስፈልገዋል። ያ ነጥብ ከጎረቤቱ ርቆ፣ ሥርዐቱን አጥቶ፣ በሲሶው ላይ በድንገት ሰልፉን ሲያገኝ ያየ ስደተኛ፣ ምንም ሳይነገረው ስለ ራሱ የሚያውቀው ነገር ይኖረዋል። ይህ ቅንጦት ከሆነ ጸሎትም ቅንጦት ነው።

«መኪና የሠራው» ስለሚለው ነገር ብዙ አልደክምም፤ የዘመኑ ሁኔታ ራሱ አጋልጦታል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በቃል ትእዛዝ ሥዕል የሚያወጣ ሶፍትዌር ሲመጣ፣ የኮምፒዩተርን ጥበብ ሲንቁ የኖሩት ሰዎች ናቸው አንበሳ ያስከተለ ንጉሥ፣ ስድስት ጣት ያላት ንግሥት፣ ፀሐይ የወጣበት ላሊበላ ከስልክ ወደ ስልክ የሚልኩልን። ሰውየው አለበታ! የጆን ዊትኒ መሣሪያ ያልታዘዘውን አንድ ነጥብ እንኳ አያንቀሳቅስም ነበር፤ ሕጉን ያወጣው፣ ውጤቱን አይቶ የጣለውና የመረጠው ሰው ነው። ሰው ያለው በሕጉ ውስጥ ነው እንጂ በሥዕሉ መልክ ውስጥ አይደለም። ሸማኔውም በጥለቱ ውስጥ ያለው እንዲሁ ነው።

ደግሞም መንገዱ ተጀምሯል፤ እኛ ባናየውም። ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ የሚገዛቸውን የተጣሉ የኮምፒዩተር ሽቦዎችና ሰሌዳዎች ጎንጉኖና ሰፍቶ ግድግዳ የሚያህል ረቂቅ ሥራ ያወጣል፤ ሥራዎቹ በ2009 እዚሁ ሳንታ ሞኒካ መጥተው ነበር። አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ በ2019 መጨረሻ በዊልሸሩ ሙዚየም ታላቅ ዐውደ ርእይ ተከፈተላት። ያን ሰሞን ስለ እርሷ ፌርፋክስ ላይ የሰማሁት ወሬ ሥዕሏ ስንት ዶላር እንደተሸጠ ነበር።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። በየዓመቱ ለአዲስ ዓመት አዳራሽ የሚከራዩት ማኅበራት አንድ ምሽት ይስጡን። የአካዳሚው የፊልም ቤተ መዛግብት የዊትኒ ወንድማማቾችን ፊልሞች አድሶ ጠብቋቸዋል፤ በደብዳቤ ይጠየቅ። «ፐርሙቴሽንስ» ይታይ፣ «ላፒስ» ይታይ፤ ከዚያ ድምፁ ተዘግቶ «ላፒስ» እንደገና ይታይና በገና ደርዳሪው ከፊቱ ተቀምጦ የሚስማማውን ይፈልግ፤ ባይስማማም አለመስማማቱን እንስማ። ቀጥሎ የልጅቱ ሦስት ደቂቃ ይታይ። ከአገር ቤት መጥቶ እዚህ በመኪና ጥበቃ ወይም በሌሊት ፈረቃ የሚኖር ሸማኔ አይጠፋም፤ ተፈልጎ ይጠራ፤ በፊተኛው ረድፍ፣ በክብር እንግዳው ወንበር ላይ ይቀመጥ። ፊልሙ ሲያልቅ የጥለቱ ቁጥር ትክክል መሆኑንና አለመሆኑን እርሱ ይናገር፤ የተሳተችው ክር ካለችም ከልጅቱ ጋር ተቀምጠው ያርሟት።